ቤትን በየጊዜው ስለ መመርመር

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጓዳ ንጽሕና ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ ልጆቹም ጓዳውም ስለሚጠለሉበት ስለ ቤቱ ራሱ ልንነጋገር አስበናል። ሰው ራሱን ሲያመው ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ በሬው ሲከሳ ጥርሱን ገልጦ፥ ሰኰናውን አንሥቶ ይመረምረዋል። ቤቱን ግን አንድ ጊዜ ሠርቶ፥ ጠበል አስረጭቶ ከገባበት በኋላ፥ ጣራው እስኪያፈስ ወይም ግድግዳው እስኪያዘነብል ድረስ ተመልሶ የሚያየው ጥቂት ነው። ይህን የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጥፋቱ የራሳችን ስለ ነበረ ነው።

ለማስተማር ወደ አሶሳ ከመጣን ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ ባጠራቀምናት ገንዘብ በከተማው ዳርቻ አንድ ቤት ገዛን። ቤቱ በሽመል የተማገረ፥ በጭቃ የተመረገና ቆርቆሮ የለበሰ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የቤታችን እመቤት በልጆች ክፍል፥ ከመጻሕፍት ሣጥናችን ኋላ፥ የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ መሥመር ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ አየችና ነገረችን። እኛም ከምናርመው የፈተና ወረቀት ላይ ቀና ሳንል፥ «አቧራ ነው፤ ጥረጊው» አልናት። እርሷም ጠረገችው። በሳምንቱ ያው መሥመር ተመልሶ ተገኘ፤ አሁንም ጠረገችው። እንዲህ እያልን አንድ ዓመት አሳለፍን። ዛሬ ስናስበው፥ ቤቱ በየሳምንቱ ይጽፍልን የነበረውን ደብዳቤ ሳናነብ በየሳምንቱ ስንፍቀው ኖረናል።

በነሐሴ ወር፥ በፍልሰታ ሱባዔ፥ ልጆቻችን እንደ ልማዳቸው ከእናታቸው ጋር ቅዳሴ ለማስቀደስ ሄደው ነበር። እኛም አብረን ነበርን። ከቀትር በኋላ በብርቱ ዝናም ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ የልጆቹ ክፍል ግድግዳ ሦስቱ በሚተኙበት አልጋ ላይ ወድቆ አገኘነው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ፥ «እግዚአብሔር አተረፋቸው» አሉ። እውነት ነው፤ እኛም አመሰገንን። ነገር ግን በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ያ ግድግዳ ቀን ወደቀ እንጂ ሌሊት ሊወድቅ ይችል ነበር፤ ከሱባዔው ቀናት ባንዱ ወደቀ እንጂ ልጆቹ እቤት በሚውሉበት ቀን ሊወድቅ ይችል ነበር። ቸርነቱ የእግዚአብሔር ነበር፤ ስንፍናው ግን የእኛ ነበር። የእርሱን ቸርነት የእኛን ስንፍና መሸፈኛ ልናደርገው አይገባም።

በማግስቱ አንድ በዕድሜ የገፉ የበርታ ተወላጅ ጎረቤታችን ፍርስራሹን ሊያነሡልን መጡ። እኒህ ሰው በሽመል ቤት ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ከወደቁት ቋሚዎች አንዱን አንሥተው በጉልበታቸው ላይ ቢሰብሩት፥ ላዩ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ውስጡ አፈር ብቻ ነበር። «አባባ፥ ከላይ ግን ደኅና ይመስል ነበር» ብንላቸው፥ «መምህር፥ እርስዎ ቤቱን ከላይ ያያሉ፤ ምስጥ ከውስጥ ይበላል» አሉን። ከዚያም ያልወደቁትን ቋሚዎች በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ዞሩና በአምስቱ ላይ የከሰል ምልክት አደረጉባቸው። የቀሩትን ሰዎች ምልክት ካደረጉባቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ለወጥናቸው።

ከዚህ በኋላ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሰማነው አንድ የኦሪት ሥርዓት ትዝ አለን። በኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ ለምጽ የወጣበት ቤት እንዴት እንደሚመረመር ተደንግጓል። ብዙዎቻችን ይህን ምዕራፍ ስለ ነጹሕና ስለ ርኩስ ብቻ የተጻፈ አድርገን እናልፈዋለን። ነገር ግን ሥርዓቱን አስተውሎ ለሚያነብ፥ ቤትን እንዴት እንደሚመረምሩ የሚያስተምር ነው። በመጀመሪያ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ያየውን ለካህኑ ይናገራል። ሁለተኛ፥ ካህኑ ሊያይ ከመግባቱ በፊት ቤቱ ዕቃው ወጥቶ ባዶ ይሆናል። ሦስተኛ፥ ካህኑ በግድግዳው ላይ የሰረጐደውንና ቀለሙ የተለወጠውን ቦታ ያያል። አራተኛ፥ ወዲያው አይፈርድም፤ ቤቱን ሰባት ቀን ዘግቶ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ያያል። ሰፍቶ እንደ ሆነ የታመመው ድንጋይ ብቻ ይወጣል፤ ግድግዳው ተፍቆ እንደ ገና ይመረጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ደዌው ከተመለሰ ግን ቤቱ ይፈርሳል።

እኛ ከዚህ ሥርዓት አንዱንም አልጠበቅንም ነበር። ያየችው ተናገረች፤ የተነገረው አልሰማም። ሣጥኑ ከግድግዳው አልተነሣም። በሰባተኛው ቀን መሥመሩ ሲመለስ ምስክርነቱ በቂ ነበር፤ እኛ ግን በመጥረጊያ ደመሰስነው።

አሁን ወደ አገራችን ጠባይ እንምጣ። በአሶሳና በአካባቢዋ ዝናሙ አብዛኛውን ጊዜ ከሚያዝያ መጨረሻ ወይም ከግንቦት አንሥቶ እስከ ጥቅምት ይዘንማል፤ የዓመቱ መጠንም ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ረጅም በጋ ይከተላል፤ ሣሩም ደርቆ የእሳት ቀለብ ይሆናል። ስለዚህ የአካባቢያችን ቤት ሦስት ጠላቶች አሉት፤ እነርሱም ምስጥ፥ ውኃና እሳት ናቸው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎችም ክፍላተ ሀገር በሰፈራ ወደዚህ የመጡ ብዙ ቤተ ሰቦች ይህን በመከራ ተምረውታል። በደጋ አገር የጽድ ምሰሶ መሬት ገብቶ ዘመን ይቆጥራል። እዚህ ግን ያልተጠበቀ እንጨት አፈር ውስጥ መትከል ለምስጥ ማዕድ እንደ መዘርጋት ነው። ከእኛ በስተ ምሥራቅ ባለው በምዕራብ ወለጋ፥ በመንዲ አካባቢም፥ ምስጥ ሰብልንና ቤትን በማጥፋት የታወቀ ነው።

ስለ ምስጥ ጥቂት እንናገር። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር አይስማማውም። ከጐሬው ወጥቶ ወደ እንጨቱ ሲሄድ በጭቃ የተሸፈነ መንገድ የሚሠራው ስለዚህ ነው። ግድግዳ ላይ የሚታየው መሥመር ያ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ዝናም ሲዘንም ደግሞ «እንደ አሸን ፈላ» የምንልለት ክንፋም አሸን ይወጣል። አሸን ክንፉን ጥሎ፥ ወንድና ሴት ሆኖ፥ አዲስ ጐሬ ለመመሥረት መሬት ይገባል። ልጆች አሸኑን እያባረሩ ሲጫወቱ፥ ወላጆች ግን በመስኮትና በመቃን ሥር የረገፈ ክንፍ መኖሩን ልብ ማለት ይገባቸዋል።

የጭቃ መሥመር ሲገኝ እንደ እኛ ወዲያው አይጠረግ። በመጀመሪያ ሥፍራው በከሰል ምልክት ይደረግበት። ከዚያም የአንድ ጣት ያህል ብቻ ይሰበርና ሰባት ቀን ይጠበቅ። ተጠግኖ ከተገኘ ምስጡ በሥራ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በዙሪያው ያለው እንጨት ሁሉ በወስፌ ይወጋ። ደኅና እንጨት ወስፌውን ይከለክላል፤ የተበላው ግን እንደ ዳቦ ያስገባዋል። በየቤቱ መሶብ የሚሰፋባት ወስፌ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ናት።

መከላከያውም ከባድ አይደለም። ማገዶና የሽመል እስር ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ አይከመር። በግቢው ውስጥ የቀረ የዛፍ ጉቶ ይነቀል። ሲጠርጉ የሚከማቸው አፈር ወደ ግድግዳው እግር አይገፋ። አዲስ የሚሠራ ሰው እንጨቱን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ያቁመው። ድንጋይ ምስጥን ፈጽሞ አያግደውም፤ ነገር ግን መንገዱን በግልጥ ላይ እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ የሚታይ ጠላት ደግሞ ግማሹ እንደ ተሸነፈ ነው። አንዳንዶች እንጨቱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል፤ ጥቂት ያዘገየዋል፤ ነገር ግን በውኃ ጉድጓድ አጠገብ ሊደረግ አይገባም። የእርሻ መድኃኒት ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ መርጨት ግን ከምስጡ የባሰ ጉዳት ያመጣልና፥ አስቀድሞ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። ኩይሳን ቆፍሮ ማፍረስ ለብቻው መፍትሔ አይሆንም፤ ከጎረቤት ኩይሳ ይመጣልና። መንደሩ በአንድነት ቢዘምት ግን ይጠቅማል።

የተበላውን ለመተካት ሽመል የሚቈርጥ ሰው ደግሞ ይህን ያስታውስ። የቈላው ሽመላችን እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ያልሆነ፥ ድፍንና ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ ለጋው ከተቈረጠ ነቀዝ ይበላዋል። ሦስት ዓመት የሞላውን መርጦ በበጋ መቍረጥ፥ ቢቻልም ለጥቂት ሳምንታት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ነቀዝ የሚወደውን ጣፋጩን ማስወጣትና በጥላ ማድረቅ ይበጃል።

ወደ ውኃው እንሻገር። ባንድ ወቅት በክፍል ውስጥ ሒሳብ ስናስተምር፥ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ የ1 ሚሊ ሜትር ዝናም 1 ሊትር እንደሚሆን ለተማሪዎቻችን ነገርናቸው። ከዚያም ርዝመቱ 8፥ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ጣራ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድበት ስንት ሊትር እንደሚቀበል ጠየቅናቸው። መልሱ 40,000 ሊትር ነው፤ ይኸውም ባለ 200 ሊትር በርሜል 200 ጊዜ ይሞላል። ከተማሪዎቹ አንዱ እጁን አውጥቶ፥ «መምህር፥ ያ ሁሉ ውኃ ከዚያ ወዴት ይሄዳል?» አለን። እኛም ለጊዜው ዝም አልን፤ በቤታችን ሁሉም ከግድግዳው እግር ሥር ይወርድ እንደ ነበር ትዝ ብሎናልና። እርጥብ አፈር ለምስጥ ይመቻል፤ እርጥብ እንጨት ይበሰብሳል፤ እርጥብ ጭቃ ይላላል። ያ ግድግዳ የወደቀው በምስጥ ብቻ አይደለም። ምስጡ አጥንቱን በላ፤ ውኃው ሥጋውን አላላ።

ስለዚህ ከጣራው ሥር አሸንዳ ይሰቀል፤ ካለም ቅጠልና የወፍ ጎጆ እንዳልደፈነው ይታይ። አሸንዳ ለመግዛት የማይችል በግድግዳው ዙሪያ አፈሩን ወደ ውጭ ዘቅዝቆ ውኃ የሚሄድበት ቦይ ይቈፍር፤ ለዚህ መቈፈሪያና የአንድ ቀን ጕልበት ይበቃል። የግድግዳውን መቆም ለመፈተን ደግሞ ቱንቢ ባይኖር በገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ከላይ መልቀቅ ነው። ገመዱ ከላይና ከታች ከግድግዳው የሚርቅበት መጠን እኩል ካልሆነ ግድግዳው አዘንብሏል። መጠኑ ይጻፍ፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደ ገና ይለካ። ስንጥቅም ቢኖር ጫፍና ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግና ቀኑን መጻፍ ነው። ከምልክቱ አልፎ የሄደ ስንጥቅ በሕይወት ያለ ስንጥቅ ነው።

ጣራን ስለ መመርመር የተማርነው ግን ከዘመናዊ ትምህርት ቤት አይደለም። የአብነት ተማሪዎች ሳለን የምናድረው በራሳችን እጅ በሠራናቸው የሣር ጎጆዎች ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል የኔታ በቀትር በየጎጆአችን ይገቡና መዝጊያውን ያዘጉን ነበር። በጨለማው ውስጥ ዐይናችን ሲለምድ ቀና እንድንል ያዙናል። ብርሃን የሚያሾልክ እያንዳንዱ ቀዳዳ የሐምሌ ጠብታ መሆኑን ነግረውን፥ ቀዳዳውን ቈጥረን ያን ያህል እፍኝ ሣር እንድናመጣ ያደርጉን ነበር። ይህ ዘዴ ለቆርቆሮም ያገለግላል። በቀትር ብርሃን የሚያሳይ የሚስማር ቀዳዳ፥ የላላ ጉልላትና የዛገ መጋጠሚያ ከውስጥ ይታያል። ኮርኒስ ያለበት ቤት ግን ጣራውን ስለሚሸፍን፥ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቡናማ የውኃ ምልክት መፈለግ ነው። የላላ ሚስማር ዛሬ በመዶሻ ይመታል፤ ያልተመታ እንደ ሆነ ንፋስ ቆርቆሮውን ይዞት ይሄዳል።

ሦስተኛው ጠላት እሳት ነው። ከኅዳር በኋላ በክልላችን የሚነደውን የሣር እሳት የማያውቅ የለም። በግቢው ዙሪያ ያለው ሣር ቀድሞ ይታጨድ፤ የሣር ክዳን ያለው ማድ ቤት ከመኝታ ቤት ይራቅ። የመብራት ገመድም ይታይ፤ አይጥ የበላው፥ ሲነኩት የሚሞቅ ሶኬት፥ በአንድ ማከፋፈያ ላይ የተደራረበ መሰኪያ የእሳት መነሻ ነው። በዚህ ግን ማንም ራሱን ባለሙያ አያድርግ፤ አይቶ መናገር የቤቱ ባለቤት ሥራ ነው፤ መንካት ግን የባለሙያው ነው።

መቼ ይመርመር? በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ለዚህም አዲስ ቀን መፈለግ አያሻንም፤ ልማዳችን ሰጥቶናል። አንደኛው ከበዓለ ትንሣኤ በፊት ባለው ሳምንት ቤት ሲጠረግና ሲቀባ ነው። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፥ ከሚያዝያ 30 አይዘገይም፤ ስለዚህ በአካባቢያችን ምንጊዜም ከክረምቱ አፋፍ ላይ ይውላል። ሁለተኛው ኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ፥ በዚያ ቀን የየቤቱ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ዝናሙ ካበቃ በኋላ ስለሚውል፥ ክረምቱ በቤቱ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለማየት ይመቻል። ነገር ግን ሣሩ በሚደርቅበት ወራት እሳት መለኰስ ስለሆነ፥ ቆሻሻውን ከቤትና ከሣር አርቆ በጉድጓድ ውስጥ ማቃጠል፥ ውኃም አዘጋጅቶ እስኪጠፋ መቆም ይገባል።

«ትንሿ ቤታችን ይህን ያህል ክብር ምን አስፈለጋት?» የሚል ይኖር ይሆናል። በክልላችን በጉባ የተሠራውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚያህል ሥራ እንኳ ተሠርቶ አለቀ ተብሎ አይተውም። እንዲህ ያለ ግድብ በሆዱ ውስጥ ሰው የሚመላለስበት መተላለፊያ ይሠራለታል፤ ሰርጎ የሚገባው ውኃም እየተለካ ይመዘገባል። ያ ሁሉ ኮንክሪት ጠባቂ ካስፈለገው፥ ሽመልና ጭቃ ምን ያህል ያስፈልጋቸው!

ደግሞም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ዓመታት በካማሺና በመተከል ከደረሰው መከራ የተነሣ ቤታቸውን ጥለው የወጡና ኋላ የተመለሱ ወገኖቻችንን እናስብ። ሰው ያልኖረበት ቤት ፈጥኖ ያረጃል፤ ጢስ የለውም፥ የሚጠርገው የለም፥ የሚያየው የለም። የተመለሰ ቤተ ሰብ ልጆቹን ከማስገባቱ በፊት ቋሚዎቹን ይምታ፥ ጣራውን ይይ፥ የጉድጓዱን ውኃ አስመርምሮ ይጠጣ። የሚያግዘው ከሌለ ጎረቤትና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሊረዱት ይገባል። በየመንደራችን ያሉ ዐይናቸው የደከመ አረጋውያንና ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችም እንዲሁ ናቸው። ሁለት ወጣት፥ አንዲት ወስፌና አንድ መዶሻ ለአንድ ቤት ግማሽ ቀን ይበቃሉ።

በእኛ ቤት ከዚያ ነሐሴ ወዲህ አንድ ደብተር አለ። ታላቋ ልጃችን ትጽፍበታለች፤ ታናናሾቿ ግድግዳ ያንኳኳሉ፤ እኛ ጣራውን እናያለን፤ የቤታችን እመቤት ደግሞ የሁላችንን ሥራ ትመረምራለች፤ ይህ ሥልጣን ከማንም ይልቅ ለእርሷ ይገባልና። ባለፈው ሚያዝያ ከማገዶው ክምር ኋላ አንድ የጭቃ መሥመር አገኘች። ማገዶውን አነሣን፤ መሥመሩን ሰብረን ቀኑን ጻፍን፤ በሰባተኛው ቀን ተጠግኖ አገኘነው። አንድ ቋሚ ብቻ ተበልቶ ነበር፤ ጎረቤታችንን ጠርተን በአንድ ቅዳሜ ለወጥነው። ልጆቹ በዚያችው ሌሊት በዚያው ክፍል ተኙ።

እንግዲህ፥ የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፥ ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ፥ ከግድግዳ ጋር የተጠጋ አንድ ሣጥን ወይም አንድ ቁም ሣጥን ፈልጋችሁ ወደ ፊት ሳቡትና ከኋላው ያለውን ተመልከቱ። ምንም ካላገኛችሁ አመስግናችሁ መልሱት። አንዳች ነገር ካገኛችሁ ግን አትጥረጉት፤ ቀኑን ጻፉና በሰባተኛው ቀን ተመለሱ።